ተልዕኮው ካበቃ በኋላ የሚጀምረው ሕመም

ከውጭ አገር የዕርዳታ ተልዕኮ የተመለሰን ሐኪም ወይም ነርስ ቤተሰቡም ወዳጁም በቅድሚያ የሚጠይቀው «ምን አየህ?» ብሎ ነው። ጠያቂው ስለ ፍንዳታ፣ ስለ ደምና በረሃብ ስለ ከሳ ሕፃን ለመስማት ራሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ተመላሹም እንዲህ ያለ ታሪክ አንድ ሁለት ነግሮ ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሰዋል። እኔ በዚህ ሥራ ካለፍኩ፣ ኋላም የሚሄዱትን በማዘጋጀትና የሚመለሱትን በመቀበል ከተሳተፍኩ በኋላ የደረስኩበት እምነት ግን ጥያቄው ዒላማውን የሳተ መሆኑ ነው። ለድንገተኛ ክፍል ነርስም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ደምና ሞት አገሩ ሳለም የዕለት ሥራው ነበር። ከተመለሰ በኋላ ሌሊት የሚያባንነው አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚደረግ አሳምሮ እያወቀ ሊያደርገው ያልቻለው ወይም ያልተፈቀደለት ነገር ነው።

አሜሪካዊው ፈላስፋ አንድሪው ጄምተን እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ነርሶች የሙያ ሥነ ምግባር ሲጽፍ ይህንን ጭንቀት ለይቶ አውጥቶት ነበር፤ ባለሙያው ትክክለኛውን እርምጃ ያውቃል፣ የሚሠራበት ተቋምና ሁኔታ ግን እርምጃውን እንዳይወስድ ያግደዋል። ይህ ሐሳብ ወደ ጦርነት ቀጠና፣ ወደ ስደተኞች መጠለያና ወደ ወረርሽኝ ማዕከል ሲወሰድ ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በላይቤሪያ ዋና ከተማ በሞንሮቪያ ከፍቶት የነበረው ኤልዋ 3 የተባለው የኢቦላ ሕክምና ማዕከል፣ ወረርሽኙ በበረታበት ሰሞን በሩን በቀን ለ30 ደቂቃ ብቻ ይከፍት ነበር። በዚያች ግማሽ ሰዓት የሚገቡት፣ ሌሊት የሞቱት ሰዎች የለቀቁትን አልጋ የሚሞሉ ጥቂት ሕሙማን ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከቤት ያሉትን ሊያስይዙ እንደሚችሉ እየታወቀ ወደ መጡበት ይመለሱ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «እርስዎ ይግቡ፣ እርስዎ ይመለሱ» የሚል ሰው መኖር ነበረበት። ያ ሰው ያደረገው ትክክል ነበር፤ ከአቅም በላይ ሕሙማን ቢያስገባ ኖሮ ውስጥ ያሉትም ሠራተኞቹም በጠፉ ነበር። ትክክል መሆኑን ማወቁ ግን ሕመሙን አልቀነሰለትም፤ እንዲያውም የሚወቅሰው ሌላ ሰው ስለሌለ ወቀሳው ሁሉ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ዜና የማይሆነው፣ በየዕለቱ የሚደርሰው ግን ከዚህ ያነሰ ይመስላል። በአንድ የሕፃናት ዋርድ ውስጥ ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራ አንድ መሣሪያ (ኮንሰንትሬተር) አለ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ሕፃናት ግን ብዙ ናቸው። መሣሪያው የሚችለውን ያህል ቱቦ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕፃን ይጠብቃል። በአገሩ ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ወደ ሙቀት መቆያና ወደ መተንፈሻ መሣሪያ የሚልክ ሐኪም፣ እዚህ ከተወሰነ ክብደት በታች ላሉት ሕፃናት ማጽናኛ እንክብካቤ ብቻ እንዲሰጥ መመሪያ ይጠብቀዋል። መመሪያው በጥንቃቄ የታሰበበት ነው፤ ያለውን ጥቂት ነገር ለሚድነው ለማዋል የወጣ ነው። እናትየዋ ግን መመሪያውን አላነበበችም። ሐኪሙን የምታየው ሩቅ አገር አቋርጦ ልጇን ሊያድን እንደመጣ ሰው ነው፤ እሱም ይህንን ከዓይኗ ያነበዋል።

ይህ ሁሉ ስሜት ብቻ እንዳይመስል ጥናት ላጣቅስ። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፣ በ19 ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ 212 ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ ሠራተኞችን ከተልዕኮ በፊት፣ እንዳበቁና ከተመለሱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተከታትሏል። የተጠኑት ሁሉ የሕክምና ባለሙያዎች አልነበሩም፤ ሥዕሉ ግን ለእኛም የሚያስተምር ነው። ከመሄዳቸው በፊት የጭንቀት ምልክት የታየባቸው 3.8 በመቶ ነበሩ፤ ተልዕኮው ሲያበቃ 11.8 በመቶ ደረሱ፤ ከወራት በኋላ ግን ወደ 7.8 በመቶ ወረዱ። የድባቴው ጉዞ ሌላ ነው። ሲነሱ 10.4 በመቶ የነበረው ሲመለሱ 19.5 ሆነ፤ ከወራት በኋላ ሲለካም 20.1 በመቶ ላይ ነበር፤ አልወረደም። ጭንቀቱ ከአደጋው ቦታ ሲርቁ ይላላል፤ ድባቴው ግን ሻንጣው ከተፈታ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ከተባለና ሁሉም ሰው ነገሩን ከረሳው በኋላም እዚያው ነው። ብዙ ድርጅቶች ለሠራተኛቸው ትኩረት የሚሰጡት እስከ መመለሻው አውሮፕላን ድረስ መሆኑን ስናስብ፣ ድጋፉና ሕመሙ ሳይገናኙ እንደሚተላለፉ ይገባናል።

ከዚሁ ጥናት እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ግኝት አለ። በተልዕኮው ወቅት ለድባቴ የመጋለጥ ዕድልን ከፍ ካደረጉት ነገሮች መካከል ሥር የሰደደው የዕለት ተዕለት ጫና ይገኝበታል። ይህንን ጫና በመስኩ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከፈረቃ በኋላ ብቻን መሆን የማይቻልበት የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ከመሸ ከግቢ መውጣት የሚከለክል የደኅንነት ሕግ፣ ሌሊቱን የሚያንጎራጉር ጄኔሬተር፣ በየሳምንቱ የሚለወጥ ዕቅድ፣ ለአንድ ካርቶን ጓንት የሚጻፍ የማያልቅ ሪፖርት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማዳመጥ የማይችል የቡድን መሪ። ከአስቸጋሪ አለቃ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መብላት፣ መተኛትና መሥራት ግድ በሆነበት ቦታ፣ በከተማ ሆስፒታል ቢሆን ከሥራ ሰዓት ጋር የሚያበቃው ቅያሜ ማብቂያ የለውም። ጥናቱ ከዚህ ተቃራኒ የሆነውንም አሳይቷል፤ የሚደግፋቸው ሰው የነበራቸው ሠራተኞች የድባቴ መጠናቸው ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ ጥሩ የቡድን መሪ መምረጥ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ያሳዝነኛል፤ ለእኔ የሕክምና ጉዳይም ነው።

እርግጥ አሰቃቂው አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 3 ቀን 2015 ሌሊት በአፍጋኒስታን ኩንዱዝ የድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ሆስፒታል በአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ሲደበደብ 42 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ውስጥ 14ቱ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ነበሩ። ከሞት የተረፉት በዚያችው ሌሊት የሥራ ባልደረባቸውን በቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሊያድኑት ሞከሩ፤ አልዳነም። ታማሚውን አለማወቅ ለሐኪም መከላከያው ነው፤ ያ መከላከያ እዚህ ላይ ፈረሰ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ወር የሕክምና አገልግሎትን ከጥቃት ስለመጠበቅ ውሳኔ ቁጥር 2286ን አጽድቋል። ጥቃቱ ግን አልቆመም፤ ዛሬ በጦርነት ቀጠና የሚያገለግል ባለሙያ በጣሪያው ላይ የተሳለው የድርጅቱ ዓርማ ይጠብቀኛል ብሎ ተማምኖ አይተኛም። በዚህ ስጋት ውስጥ ወራትን የከረመ ሰው አገሩ ገብቶ የበር መንኳኳት ቢያስደነግጠው አይገርምም፤ ይህ ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ከወር በላይ ሲቆይ፣ ቅዠቱ ሲመላለስ፣ ሰውየው የሚያስታውሰውን ነገር ሁሉ መሸሽ ሲጀምር ግን እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ ስም ያገኘውና ሕክምና ያለው ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም (PTSD) ነው።

በሙያችን ውስጥ ያለው ትልቁ ችግር ግን ሐኪም ጥሩ ታማሚ አለመሆኑ ነው። የሌላውን ሰው ድባቴ በአምስት ደቂቃ የሚለይ ባለሙያ የራሱን «ድካም ነው» ይለዋል። ከዚህ በከፋ ደግሞ መድኃኒት ቤቱ በእጁ ነው። እንቅልፍ ሲያጣ ከዲያዜፓም ጀምሮ ራሱ ያዛል፣ ራሱ ይወስዳል፣ ለማንም አይነግርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አሰቃቂ ክስተት በደረሰ በመጀመሪያው ወር ለሚታየው የአእምሮ ጭንቀት ዲያዜፓምን የሚጨምሩት ቤንዞዳያዜፒን የተባሉት ማረጋጊያ መድኃኒቶች ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ መክሯል፤ ይህንን ምክር ለታማሚው የሚነግረው ሐኪም ለራሱ ሲሆን ይረሳዋል።

ስለ መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር፣ ከዋናው ጉዳይ ትንሽ ወጣ የሚል ግን ችላ መባል የሌለበት ነገር ልጨምር። ወባ ወዳለባቸው አካባቢዎች የሚሄዱ ሠራተኞች ከሚወስዷቸው መከላከያዎች አንዱ ሜፍሎኩዊን ነው፤ በንግድ ስሙ ላሪያም ይባል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚዋጥ ለመስክ ሥራ ይመቻል። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ማጣትን፣ አስፈሪ ሕልምን፣ ጭንቀትንና ድባቴን ሊያመጣ ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 በነርቭና በአእምሮ ላይ ስለሚያስከትለው ጉዳት ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰጥቶታል። እንግዲህ በተልዕኮ ላይ ያለ ነርስ ሌሊቱን ሲቃዥ ቢያድር ከሥራው ነው፣ ካየው ነው ወይስ ከክኒኑ? ይህንን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖር አለበት፤ ባለሙያው የአእምሮ ሕመም ታሪክ ካለውም ከመነሳቱ በፊት ሌላ መከላከያ ሊመረጥለት ይገባል።

ታሪኩን ይናገራል ወይ? ችግሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ከተልዕኮ በፊት በሚሞላው የጤና ቅጽ ላይ «ከዚህ በፊት የአእምሮ ጤና ችግር ገጥሞዎት ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ይገኛል። ሁሉም ባለሙያ በሐቅ መመለስ እንዳለበት ያውቃል፤ በሐቅ የመለሰው ከዝርዝሩ ሊሰረዝ እንደሚችልም ይጠረጥራል። ከተልዕኮ መልስ ከድርጅቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በሚደረገው ቃለ ምልልስም እንዲሁ ነው። አንዲት የረጅም ጊዜ ልምድ ያላት አዋላጅ በአንድ ወቅት «ሲስተር፣ እንዴት ነሽ?» ብዬ ስጠይቃት «የሚቀጥለውን ተልዕኮ እስካገኝ ድረስ ደህና ነኝ» ነበር መልሷ። ሳቅን፤ ነገር ግን እየቀለደች እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን። የምክር አገልግሎቱን የሚሰጠውና ቀጣዩን ምደባ የሚወስነው አካል በአንድ ቢሮ ውስጥ እስካሉ ድረስ፣ ምስጢር ይጠበቃል የሚለው ቃል ምንም ያህል በቅን ልቦና ቢነገር የሚያምነው ጥቂት ሰው ነው።

ወደ ቤት መመለሱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ባለሙያው ወደ ቀድሞ ሆስፒታሉ ይመለሳል፤ ትናንት ለአንድ ሙሉ ዋርድ የማይበቃ መድኃኒት ሲያብቃቃ የነበረ ሰው ዛሬ ስለ መኪና ማቆሚያ የሚያማርር ባልደረባ ያዳምጣል። ይናደዳል፤ ንዴቱም ያሳፍረዋል፤ ባልደረባው ምንም አላጠፋምና። አንዳንዱ በዚህ ምክንያት ከቤተሰቡ ይርቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሚገባው ሰው ያለው እዚያ ብቻ እንደሆነ በማመን ሳያርፍ ወደ ሌላ ተልዕኮ ይሮጣል። ይህ ሩጫ ከውጭ ሲታይ ቆራጥነት ይመስላል፤ ድርጅቶችም ልምድ ያለው ሰው ስለሚያጥራቸው በደስታ ይቀበሉታል። ከኢቦላ ተልዕኮ ለተመለሱት ደግሞ ነገሩ የባሰ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንደገለጸው በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የጤና ሠራተኞች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው አዋቂ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 እጥፍ ይበልጥ ነበር። በማዕከሎቹ ውስጥ ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው እንኳ እጅ አይጨባበጡም፣ አይተቃቀፉም ነበር። ከተመለሱ በኋላም ለ21 ቀናት ሙቀታቸውን እየለኩ መቆየት ነበረባቸው፤ በአንዳንድ አገር ጎረቤት ሸሻቸው፣ የልጆቻቸው ጓደኞች ወደ ቤታቸው እንዳይመጡ ተከለከሉ። ሰው በጣም መታቀፍ በሚያስፈልገው ሰዓት ማንም አልነካውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ አደጋ የደረሰበትን ቡድን በአስቸኳይ ሰብስቦ ሁሉም ያየውንና የተሰማውን እንዲዘረግፍ ማድረግ ነበር። ጄፍሪ ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1983 ለድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ያቀረበው ይህ ዘዴ በቅን ልቦና በየቦታው ተሠራጨ። ጥናቶቹ ኮክሬን በተባለው፣ የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ በሚመዝነው ዓለም አቀፍ ተቋም ግምገማ ተሰብስበው ሲታዩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ ስብሰባ በኋላ የሚመጣውን ሕመም እንደማይከላከል ታወቀ፤ አንዳንዶቹን እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል የሚያመለክት ነገር ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚህ ዓላማ እንዳይውል መክሯል። በምትኩ የሚመከረው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ ዕርዳታ የተባለው ቀለል ያለ አቀራረብ ነው፤ ሰውየውን ከአደጋ ማራቅ፣ የሚያስፈልገውን መጠየቅ፣ ሊናገር ከፈለገ ማዳመጥ፣ ካልፈለገ አለማስገደድ፣ ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ማገናኘት። ይህንን ማድረግ የሚችለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ሥልጠና የወሰደ ሾፌርም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጉዳቱ የማን እንደሆነ መስማማት አለብን። ስለ ጽናት የሚሰጡ ሥልጠናዎችን አልቃወምም፤ አተነፋፈስ መለማመድም ሆነ ማስታወሻ መጻፍ ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ሁለት ነርስ በሚያስፈልገው ዋርድ አንድ መድቦ፣ ዕረፍቷን ሁለቴ አራዝሞ፣ በኋላ ስለ ጽናት የሚያስተምር ድርጅት የራሱን ዕዳ ለእሷ እያስተላለፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የተባበሩት መንግሥታትንና ሌሎች የዕርዳታ ድርጅቶችን የሚያስተባብረው የተቋማት የጋራ ቋሚ ኮሚቴ መመሪያ የሠራተኞችንና የበጎ ፈቃደኞችን የአእምሮ ጤና መጠበቅን ከድርጅቶች ተግባራት መካከል አስቀምጦታል። ሕግም ወደዚህ መምጣት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ታግቶ የነበረ አንድ የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት ሠራተኛ ድርጅቱን ከስሶ፣ የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2015 ድርጅቱ ከባድ ቸልተኝነት ፈጽሟል ሲል ፈረደ፤ ካሳው የአካል ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትን የአእምሮ ጉዳትም የሚመለከት ነበር። ሰውየው የሕክምና ባለሙያ አልነበረም፤ ፍርዱ ግን ለሐኪሙም ለነርሷም ይሠራል፤ ወደ አደገኛ ቦታ የሚሄድ ሰው ፈቃደኛ መሆኑ ቀጣሪውን ከጥንቃቄ ግዴታው ነፃ አያወጣውም።

ስለዚህ ወደ ተልዕኮ የሚሄድ ባልደረባ ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ጓንትና ስለ ወባ ክኒን ከማውራቴ በፊት ውሉን እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። ውሉ ካበቃ በኋላ የምክርና የሕክምና ወጪው ለስንት ወር ይሸፈናል? ውልና መድን በአንድ ቀን የሚያበቁ ከሆነ፣ ድባቴው ከወራት በኋላ ሲመጣ የሚያገኘው ባዶ እጁን ነው። ምክር የሚሰጠው ከድርጅቱ ውጭ ያለ ሰው ነው ወይስ ከምደባ ክፍሉ ጋር የሚነጋገር? ከተመለሰ ከሦስት ወር በኋላ ስልክ የሚደውልለት ማን ነው? ይህ ጥሪ ወጪው አነስተኛ ነው፤ የተመላሹን ፈቃድ ሳይጠብቅ ለሁሉም እኩል ሲደረግ ደግሞ ማንንም «ችግር አለበት» አያሰኝም።

በዚያው ውል ላይ የማይገኝ ሌላ ሰው አለ። በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሕክምና ሥራ አብዛኛውን ሸክም የሚሸከሙት በአገሬው የተቀጠሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጽዳት ሠራተኞችና አስተርጓሚዎች ናቸው። አስተርጓሚው የእናቲቱን ለቅሶ በአንደኛ መደብ ይናገረዋል፤ «ልጄ ሞተብኝ» ሲል አፉ የእሷን ቃል ይዞ ነው። የውጭው ሐኪም ሲመለስ እነዚህ ሰዎች እዚያው ይቀራሉ፤ ያቺ እናት ጎረቤታቸው ናት፣ በበሩ ላይ የተመለሰው ሰው ዘመዳቸው ሊሆን ይችላል። የዕረፍት ጉዞ፣ ከተልዕኮ መልስ ምክርና ሌላው ሁሉ የተዘጋጀው ተመልሶ ለሚሄድ ሰው በመሆኑ፣ መመለሻ የሌለው ሠራተኛ ከዕቅዱ ውጭ ይሆናል። በቋንቋቸው የሚያናግራቸው የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ከአካባቢው ወጥተው የሚያርፉበት የተከፈለ ፈቃድና ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ የሚቀጥል የሕክምና ሽፋን፣ እንደ መድኃኒቱና እንደ ነዳጁ ሁሉ ገና የፕሮጀክቱ በጀት ሲነደፍ ራሱን የቻለ መስመር ሊያገኝ ይገባል።